ለብቻ የመጣ ሳህን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ምሳ ሰዓት።

ዛሬም ሳህኔ ለብቻ መጣ። ሽሮ፣ አንድ ቃሪያ፣ የታጠፈ እንጀራ። በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ። ረምዚያ በሁለት እጇ ሰጥታኝ ሄደች። አብረውኝ የሚሠሩት አሥራ ሦስቱም ሴቶች እዚያ ሰሌን ላይ ትሪውን ከበው ይሳሳቃሉ። እኔ በሩ አጠገብ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። አለቃ ነኛ!

ስሚኝ እንግዲህ፣ ደብተር። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ ትሪ በልቻለሁ። ክርስቲያን እኔ ብቻ ስለሆንኩ ምሳ ላይ ሥጋ እንዳይመጣ የተስማሙት እነሱ ናቸው፤ ሰብለ ለብቻዋ ልትበላ ነው እንዴ ብለው። አሁን ሥጋም ሳይመጣ ለብቻዬ እበላለሁ። በአክብሮት። አክብሮቱ ጉሮሮዬን አልፎ አልወርድ ብሏል።

አለቃ ከሆንኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የድሮዋ አለቃችን አዴ ፋጡማ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ቤት ሲቀሩ፣ የጫቱ ባለቤት ሐጂ ጠሩኝ። 12ኛ የጨረስሽ አንቺ ነሽ አሉ። አትላሊላቸው አሉ። አልላላሁም። ስልክ ቅርጫት ውስጥ። ዘፈን የለም። ወሬ የለም። ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ለኔም ይደርሰኛል ብዬ አላሰብኩም።

ማክሰኞ 5። ረፋድ 5 ሰዓት።

መኪናው የለም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እዚህ ቤት ጫቱ ይለቀማል፣ ይታሰራል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ማራሱና መጠቅለሉ የረምዚያ ነው፤ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመኪናው ጥሩንባ ካልተሰማ የውሃ ጣሳዋን አትነካም። ዛሬ ግን ቀድመን ጨረስን፤ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ታስሯል። ሐጂ ሲመጡ ጆንያው ተደርድሮ እንዲያዩ አማረኝ። አዎ፣ አማረኝ። አርሺው አልኳት። ቀስ ብላ፣ መኪናው ይምጣ፣ ርሶ ከቆየ ውስጥ ለውስጥ ይነዳል አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ፊቴ ጋለ።

"እዚህ ቤት አለቃዋ ማን ናት?" አልኳት። ጮክ ብዬ።

"ቶሌ" አለች። እሺ ማለቷ ነው። አራሰች። ጠቀለለች። አጥብቂው አልኩ፣ አጠበቀች።

ሾፌሩ ሂርና ላይ ጎማ ፈንድቶብኛል ይላል። ጆንያዎቹ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። አንዱን በእጄ ነካሁት። ሞቋል።

6፡30። አሁን ገና ተጭኖ ሄደ። ምሳ አልበላሁም። ማንም ብዪ አላለኝም።

ረቡዕ 6።

ነደደ። አዳማ ላይ ሲፈታ ውስጡ ጠቁሮ ተገኘ። ደንበኛው ሐጂ ላይ በስልክ ሲጮህ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሐጂ አይጮሁም። ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል። ያራሰችው ረምዚያ አይደለች? አሉኝ። እሷ እንዲህ አታጠፋም ነበር። አጣርተሽ ቅዳሜ ንገሪኝ፤ የሷ ጥፋት ከሆነ ሰኞ እንዳትመጣ።

አጣራለሁ አልኩ። አጣራለሁ! ምኑን ነው የማጣራው?

አሥራ ሦስት ሴት ያውቃል። አንዷም ሐጂ ጋ አልሄደችም። ረምዚያ ራሷ ትንፍሽ አላለችም። ሁለት ሴት ልጆችና እናቷ በሷ እጅ ነው የሚያድሩት። ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝማ እንዴት በተገላገልኩ።

ሐሙስ 7። ከሰዓት።

አዴ ፋጡማ ጋ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ቅባት ያሻሉ። ጥሩ አለቃ እንዴት ይኮናል አልኳቸው፣ እንደ ተማሪ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔ እንኳ ጥሩ አልነበርኩም አሉ። እውነታቸውን ነው። ምላሳቸው እሬት ነበር፤ እኔን ራሴን ስንቴ አስለቅሰውኛል! ግን ሰሌኑ ላይ ከኛው ጋር ቁጭ ይሉ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በየቀኑ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጫቱ ታስሮ ሲያልቅ "ረምዚያ፣ ደረሰ?" ይሉ ነበር። እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አለቃ ሠራተኛዋን ፈቃድ ስትጠይቅ!

ለምን ነበር የሚጠይቁት አልኳቸው።

"የምታውቀው እሷ ናታ! እኔ ጫት አርሼ አላውቅም" አሉ።

ስለ ማክሰኞው ጉዳይ አልነገርኳቸውም። ሰምተው ኖሯል፤ ጭሮ ምን ይደበቃል? ልወጣ ስል ከኋላዬ፣ "ለሐጂ መንገር ቀላል ነው፣ ልጄ። ሐጂ አንድ ሰው ናቸው" አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። አልገባኝም።

ቅዳሜ 9። ከሰዓት 8።

ለሐጂ ነገርኳቸው! ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ከልክላኝ ነበር አልኳቸው። ከወንበሩ ያነሱኛል ብዬ ነበር፤ ምናልባትም ከነጭራሹ ከሥራው።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። ከዚያ፣ ተዪው፣ ሾፌሩ ዘግይቶ ነው እንላለን አሉ። ረምዚያም ትቀጥል። አንቺም ቀጥዪ። ለሴቶቹ ግን እንዳትነግሪያቸው፤ ይንቁሻል።

በረረ ጭንቀቴ። እስከ በሩ ድረስ። ግቢው ውስጥ ረምዚያ የውሃ ጣሳዋን በፌስታል ስትጠቀልል አየኋት። የራሷ ጣሳ ነው፤ ታቹን በሚስማር የበሳችው። ወደ ቤቷ ልትወስደው። ሰኞ አትምጪ የሚሏት መስሏት። ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። አፌን ዘጋሁ።

የአዴ ፋጡማ ነገር አሁን ገባኝ። ሐጂ አንድ ሰው ናቸው፤ ሴቶቹ አሥራ ሦስት።

እሑድ 10።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረምዚያ ቤት አለፍኩ። በሩ ላይ ወጣች። ነገ ነይ፣ ሐጂ ምንም አላሉም አልኳት። ቶሌ አለች። ግቢ አላለችኝም። ረምዚያ! የማታውቀውን መንገደኛ እንኳ ግባ የምትል ሴት። ልጆቿ ከኋላዋ አጮልቀው አዩኝ።

ቤቴ ገባሁ። ራዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ቆሎ ቆላሁ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ እል ነበር፣ ደብተር። ለካ ብቻዬን የኖርኩት ከሥራ መልስ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ነበረኝ።

ወሰንኩ። በሰው ፊት የሰደብኳትን በጓዳ መካስ አይሆንም። ነገ እዚያው በጮህኩበት ቦታ ቆሜ፣ ሁሉም እየሰሙ። ሐጂ ይሰማሉ። ይስሙ። ቢያነሱኝም ያንሱኝ።

ሰኞ 11። ረፋድ።

ጣሳዋን ይዛ መጣች።

ተናገርኩ። አሳጥሬ። ማክሰኞ አርሺው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ረምዚያ እንዳይሆን ነግራኝ ነበር፣ ጫቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኩ። አንዷ አሳላት። ሁሉም ወደ ጫቱ አቀረቀሩ። እንደዚያ ነው ያለቀው። መተቃቀፍ የለ፣ ለቅሶ የለ። እውነት ለመናገር ትንሽ ጠብቄ ነበር።

ወንበሩን ለዘበኛው ሰጠሁት። ቅርጫቱን ከፍቼ ስልካቸውን ውሰዱ አልኩ። ማንም አልወሰደም።

ሦስት ሰዓት ላይ ታስሮ አለቀ። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ሆኜ፣ "ረምዚያ፣ ደረሰ?" አልኳት። ጣሳዋን አስቀምጣ ወደ መንገዱ ጆሮ ሰጠች።

"ገና ነው" አለች።

ጠበቅን። አሥራ አራታችንም፣ እጃችንን አጣጥፈን። ጥሩንባው ተሰማ። ያኔ ማንም ሳያዛት ተነሥታ ጣሳዋን ውሃ ሞላች።

ምሳ ሰዓት።

እዚያው ሰሌኑ ጫፍ ነኝ፤ የምጽፈው ወዴት እንደምመለከት ስለጠፋኝ ነው። ትሪው መጣ። ቀና አልልም። በጨርቅ የተሸፈነው ሳህን ከመጣ ተቀብዬ እበላለሁ፣ አላለቅስም። በዓይኔ ጥግ አያለሁ፤ ረምዚያ እጇን ታጥባ መጣች። እጇ ባዶ ነው። ምናልባት ሳህኑን ረስታው ይሆናል። ምናልባት ዛሬ ጭራሽ ምሳ የለሽም ማለታቸው ነው፤ እሱም አይፈረድባቸውም። ቆይ፣ ትሪው ሰሌኑ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል፣ ወደዚህ እየገፋችው ነ—