ስለ ቀዩ ማኅተምና ስለ እናቴ ጥርስ

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዲኖ
የልብስ መደብር ባለቤትና የነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ከመስታወትዎ ላይ እንዲወርድ ስለሚለመን አንድ ስም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለንግድዎ፣ በተለይም ለመደብርዎ መስታወት ደኅንነት አላህን እለምናለሁ። የዚህ ወር ውርጭ መስታወት ይሰነጥቃል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የእርስዎ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጤነኛ ነው። በየቀኑ ስለማየው አውቃለሁ። የጎባ ሚኒባስ ተሳፋሪ የሚጭነው ከመደብርዎ ፊት ለፊት ነው፤ እኔም ሮቤ አድሬ ጎባ የማስተምር ሰው በመሆኔ መስታወትዎን ሳላይ እንጀራዬን መብላት አልችልም።

ስሜ ወዚር ነው። አያውቁኝም። እህቴን ግን ያውቋታል። ፈርዶሳ ትባላለች፤ መስታወቱ ላይ ከውስጥ በለጠፉት ካርቶን፣ «ለብሰው ከሚመልሱ ተጠንቀቁ» ከሚለው ርእስ ሥር ብቻዋን የተጻፈችው እሷ ናት። ርእሱ በብዙ ቁጥር ነው፤ ስሙ ግን አንድ ነው። በዚህ ደብዳቤ የምለምንዎትም አንድ ነገር ነው፤ ከአረፋ በፊት ይህ ስም ይውረድ። የእህቴ ማግባት አለማግባት በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

በቃል ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ገባሁ፤ «ምን ልስጥዎ?» ሲሉኝ ግን ካልሲ ገዝቼ ወጣሁ። ካልሲውም ያ ቀይ ማኅተምዎ ነበረበት። አልቆረጥኩትም፤ እስካሁን እንደታሰረ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥኩ፤ በጽሑፍ ማቅረብን ደግሞ ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

፩. ማኅተሙን በማመስገን ልጀምር። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ፕላስቲክ ከአንገትጌው ሥር፣ ደረት ላይ፣ ሻሽም ሆነ ነጠላ በማይሸፍናት ቦታ ትንጠለጠላለች። «ከተቆረጠ አይመለስም» ትላለች። ሳትቆረጥ አትወልቅም፤ አንዴ ከተቆረጠችም አዲስ የሚገጥመው ማሽን ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። ያለ ምክንያት እንዳልመጣች አልክድም። ቅዳሜ ቀሚስ ገዝተው፣ እሑድ ሰርግ በልተውበት፣ ሰኞ «ጠበበኝ» ብለው አንገቱ ቅቤ የጠጣ ልብስ የሚመልሱ ሰዎች በከተማችን ነበሩ። ከእነሱ መካከል የማውቃቸው አሉ። አንዳንዶቹ ከእርስዎ ጋር ሞቅ ያለ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የእነሱ ስም በመስታወቱ ላይ አለመኖሩ የትዕግሥትዎን ስፋት ያሳያል።

፪. ማኅተሙ የማያውቀው፣ እርስዎ ግን የሚያውቁት ነገር አለ። እኛ ዘንድ ሙሽራ የሰርጓን ልብስ እናቷ በእጇ ዳስሳ «ይሁን» ሳትላት አትለብስም። እናት ገበያ መውጣት ካልቻለች ልብሱ ወደ እናት ይሄዳል፤ ነጋዴውም «ወስደሽ አሳዪ» ይላል። እናት ዝም ካለች ልብሱ በማግስቱ ተጣጥፎ ይመለሳል፤ «እናቴ ዝም አለች» ለተባለ ነጋዴም ምክንያት መጠየቅ ነውር ነው። አባትዎ ገሰራ ገበያ ላይ ሸራ ዘርግተው ጨርቅ ሲሸጡ የተመለሰላቸውን ተቀብለው «እናት ደኅና ናት?» ከማለት ሌላ ቃል እንደማይናገሩ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እርስዎ ከሸራ ወደ መስታወት ከፍ ብለዋል። ከፍታ ጆሮ እንደሚደፍን ደግሞ የሰነቴን ተራራ ወጥቶ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ አልፈርድብዎትም።

፫. እናቴ አዴ ረቢያ ዐይኗን ካጣች ቆይታለች። ልጆች ሳለን ከማሳ ስንመለስ በር ላይ አቁማ ከልብሳችን ላይ ጭጎጎት ትለቅም ነበር፤ አባታችንም ቢሆን ሳይለቀምለት አይገባም ነበር። ፈርዶሳ ለሰርጓ የገዛችውን ቀሚስ ከመደብርዎ አምጥታ ጭኗ ላይ ስታኖርላት ጣቶቿ መጀመሪያ ያገኙት ማኅተሙን ነው። ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ልብስ የሙጥኝ ያለ ነገር። በጥፍሯ ሞከረችው፤ እምቢ ሲላት ወደ ጥርሷ ወሰደችው። ፈርዶሳ «አዴ፣ ተዪው» ሳትል ተቆርጦ ነበር። እናቴ መዳፏ ላይ አድርጋ «ለሙሽራ ከነጭጎጎቱ ይሸጣሉ?» አለች። ሳቅን። ይህን የምጽፈው ለማስረጃነት አይደለም፤ በቤታችን ለመጨረሻ ጊዜ የተሳቀበት ነገር ስለሆነ ነው።

ጣቶቿ ግን አልቆሙም። ማኅተሙ ከነበረበት ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ አገኙ፤ ባዶ። «የዚህኛውስ ጭጎጎት የት ሄደ?» አለች። ወደ እጅጌው አለፈች። የግራው እጅጌ አዝራሮች ለስላሳ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ጠርዙ ሻካራ ነው። ቀርቤ ሳየው ሌሎቹ ነጫጭ፣ እሱ ቢጫ፤ ወድቆ በሌላ የተተካ ይመስላል። በመጨረሻ ብብቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች።

«ይህ ቀሚስ ከእኛ በፊት ሰርግ ሄዷል» አለች።

አጠፈችው። ከዚያ ዝም አለች።

በማኅተሙ በኩል ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ጥርሱም የእኛ ነው። ሽታውን ግን እኛ አላመጣነውም።

፬. ፈርዶሳ በማግስቱ ቀሚሱንም የተቆረጠውን ማኅተምም ይዛ መጣች። ያለችው «እናቴ ዝም አለች» ብቻ ነበር፤ ነጋዴውን ላለማሳፈር ሽታውን አላነሳችም። ሠራተኛዎ ኪያ ግን ቀሚሱን አሽትታ ፊቷን አዞረች። አልቀየማትም፤ አፍንጫዋ ከእናቴ አፍንጫ ጋር ተስማምቷል። እርስዎ ቀሚሱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርገው፣ «ሰርጉን በልተሽ፣ ጨፍረሽ፣ ላቡን ለእኔ? ቅቤ ቅቤ ይላል እኮ፤ ደኅና ሰርግ ነው የሄድሽው» አሉ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ሰው ስቋል። ፈርዶሳ «ኦቦ፣ እኛ ጋ ሲመጣም ይሸት ነበር» ብላለች፤ በሳቁ መካከል አልሰሙት ይሆናል ብዬ እዚህ ደግሜዋለሁ። ቀሚሱን ወረወሩላት። ማኅተሙ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ አነሳችው። የወንጀሏን ማስረጃ ጎንበስ ብላ ከወለል የምታነሳ ወንጀለኛ ከዚያ በፊት አይተው ያውቁ እንደሆነ ሊጠይቅዎት የደፈረ ሰው በመደብሩ ውስጥ አልነበረም። እኔም በቦታው አልነበርኩም፤ የሰማሁት ከፈርዶሳ ነው።

፭. ስሟን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስለጻፉት አመሰግናለሁ። ማንም እንዳይቀርበት አስበዋል።

፮. የእህቴ እጮኛ አብዲ የገሰራ ሰው ነው። አጎቱ ለገበያ ሮቤ መጥተው ካርቶኑን አነበቡ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው አይደሉም። ቤታችን መጥተው የእናቴን እጅ ሳሙ፤ ሻያቸውን እስከ ዝቃጩ ጠጡ፤ ከዚያ በኋላ «ችግር የለም፣ አላህ ያውቃል። ብቻ ዘመዳችን ብዙ ነው፤ ሁሉም ሮቤ ይገበያል። ያ ስም ከወረደ ከአረፋ በኋላ እንመጣለን። ካልወረደ መንገዱ ይርቅብናል» አሉ። ከገሰራ እስከ እኛ ቤት መንገዱ እንደማይርቅ እናውቃለን። አጎቱ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያልገባው ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። አብዲ የሚለውን አላውቅም። ከአጎቱ ኋላ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

፯. ሰባተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። የቀረው ቅሬታ አይደለም። ምን እንደሚባል አላውቅም።

ሚኒባስ ስጠብቅ ለመስታወትዎ ጀርባዬን እሰጣለሁ። ያኔ ስሙ ፊት ለፊቴ በቆመው ሚኒባስ መስኮት ላይ ተገልብጦ ይታየኛል። ተገልብጦም የእህቴ ስም ነው። ስገባ ተሳፋሪዎች ዝም ይላሉ፤ ወይም መጀመሪያም ዝም ብለው ነበር፤ መለየት አቅቶኛል። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ «ለብሳው ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። አልለበሰችውም። ቀሚሱ መጥቶ እናቴ ጭን ላይ ሲያርፍ፣ በማግስቱም ተጣጥፎ ከቤታችን ሲወጣ በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን አንድን ካርቶን በየቀኑ የሚያነብ ሰው የገዛ ዐይኑን መጠርጠር ይጀምራል። ከዚህ የበለጠ የሚሠራ ማኅተም ከየትም አገር ቢያስመጡ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ፈርዶሳ አሁን ወደ ገበያ የምትሄደው በኋላ በር ዞራ ነው። እናቴ ጥፋቱ የጥርሷ እንደሆነ ታምናለች። ልጆቿን በመዳሰስ የምታውቅ ሴት ልብስ ሲሰጧት እጇን ትሰበስባለች። ከሥራ ስመለስ ኮቴዬን ሰምታ «ወረደ?» ትለኛለች። «ዛሬ ዝግ ነበር» እላታለሁ። መደብርዎ ዝግ ሆኖ አያውቅም። እሷም ይህን ታውቃለች ብዬ እፈራለሁ። ቢሆንም በማግስቱ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እዘጋዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ከዚህ በላይ ላለመሻማት ልመናዬን ልድገም። ክሱ ይጣራ አልልም። ይቅርታም አልጠብቅም፤ ይቅርታ በመደብርዎ የማይሸጥ ዕቃ መሆኑን ተረድቻለሁ። ስሙ ብቻ ይውረድ። ማኅተሙን በፖስታው ውስጥ ያገኙታል። የእናቴ ጥርስ ያረፈበት ቦታ በግልጽ ይታያል። መቀስ እንዲህ አይቆርጥም፤ ሰርግ ሊበላ የቸኮለ ሰውም እንዲህ አይቆርጥም።

ማኅተምዎ ሳይበጠስ፣ መስታወትዎ ሳይነቃ፣ የቤትዎ ሰው ስም በሌላ ሰው ደጃፍ ሳይነበብ ዕድሜዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ በየጠዋቱ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እጅ የምነሳዎ፣ የታሰረ ካልሲ ባለቤትና ታማኝ ደንበኛዎ፣

ወዚር
የአዴ ረቢያ ልጅ፣ የፈርዶሳ ወንድም

ግልባጭ፦
ለነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ (እርስዎው ስለሆኑ፣ በአንደኛው ንባብ ያለፈዎት ካለ በሁለተኛው እንዲያገኙት)
ለሮቤና ጎባ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች
ገሰራ ለሚገኙት ለአብዲ አጎት

ልረሳው የነበረ ነገር፦ ጎባ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በታች ያለ አንድ ፎቶ ቤትም እንደ እርስዎ መስታወት አለው። ከረመዳን ዒድ በኋላ እዚያው ጎባ የተደረገ የአንድ ሰርግ ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ ሰቅሏል። ፈርዶሳ ቀሚሱን ከመግዛቷ በፊት የተደረገ ሰርግ ነው። ከሙሽራዋ አጠገብ ቆመው፣ ግራ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ያደረጉት ባለቤትዎ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የሴት ስም በአደባባይ ሲጻፍ የሚሆነውን አይቻለሁ። የለበሱት ቀሚስ የፈርዶሳን ይመስላል። አንድ ዓይነት ቀሚስ ብዙ ሊኖር እንደሚችል ለራሴ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። በግራው እጅጌ ላይ፣ በነጫጮቹ አዝራሮች መካከል አንድ ቢጫ አለ። ደረታቸው ላይ ማኅተም የለም።

ለእናቴ ነገርኳት። «አምሮባታል?» ብቻ አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው የእሷ ነው፤ መልሱላት» አለች። ስለዚህ ቀሚሱ ተጣጥፎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶዎታል።

ስሙን ሲያወርዱ ካርቶኑን አይጣሉት፤ ጀርባው ንጹሕ ነው።