ክር የሌለው ናቶ

ኦሳካ፣ ከልጄ ቤት

ውድ ኪኑዮ፣

«ከምራትሽ ጋር መኖር አትችዪም፤ በሳምንት ወደ ከተማችን ወደ ሚቶ ትመለሻለሽ» ብለሽኝ ነበር። ልትረቺኝ ምንም አልቀረሽም። የመጣሁ ዕለት ምራቴ ካኦሪ ለቁርስ አንድ እንክብል በሳህን አቀረበችልኝ።

«እማማ፣ ይኸው ናቶዎ። የቦካው አኩሪ አተር ያው ነው፤ ሽታና ሲያማስሉት እንደ ሙጫ የሚሳብ ክር ብቻ የለውም» አለችኝ።

«ታዲያ ምኑን ላማስለው?» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ እውነተኛውን ናቶዬን ካፖርት ደርቤ፣ በሩ ተዘግቶብኝ፣ በረንዳ ላይ ስበላ ሰነበትኩ። ሻንጣዬንም ማሰናዳት ጀምሬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ካኦሪ በአንድ እጇ አፍንጫዋን፣ በሌላው መብያ እንጨቶቿን ይዛ ብቅ አለች።

«እስቲ ያቅምሱኝ።»

አንዴ ጎረሰች፤ ክሩ ከአገጯ እስከ ሳህኔ ተዘረጋ።

«ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚበጠሰው?»

«መጀመሪያ አፍንጫሽን ልቀቂ፤ ከዚያ መብያ እንጨቶችሽን አየር ላይ አሽከርክሪ።»

«ካልሲ ካልሲ ይላል» አለችኝ። «ግን ነገ ውስጥ ይብሉ፤ እዚህ ብርድ ይመታዎታል። መስኮት እከፍታለሁ።»

ስለዚህ አንቺ ዘንድ የተውኩትን፣ ናቶ የማማስልበትን ሳህን ላኪልኝ። በደንብ እጠቢው፤ አስተጣጠብሽን ስለማውቅ እኔም እደግመዋለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እህትሽን ሳሚልኝ። ስትመጪ ውስጥ ነው የምንበላው።

ፉሳኤ