ከድልድዩ ወዲህ

መምጣት ትችላለህ! ወደ ቤትህ፣ ወደ ሰፈርህ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ! የጓደኛህ እናት ራሷ ናት ያለችው፤ በገዛ አፏ፣ እኔው ፊት።

ውድ ወንድሜ፣ የኔ ዓለም፣ ሰላምታውን ዘለልኩት አይደል? ደህና ነህ ወይ፣ ጤናህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ይከራከረኛል። በቃ፣ ሰላም ተባባልን፤ አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ አልጋ ላይ መሆናቸውን ሰምተሃል። ሰውነታቸውማ ብረት ነው፣ እኔን ይቀብራሉ። የጠፋው ማስታወሳቸው ነው። ጣሪያ ስትመቱ የመዶሻህ ራስ ከእጀታው ወልቆ ጓደኛህን የገደለው ዕለት፣ ታናሽ ወንድሙ፣ በያጁ፣ ብረት ጨብጦ ሲፈልግህ፣ በመሃል የቆሙት እሳቸው ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው የጥንቱን የእስራኤል ሕግ አስረዱን፦ ሳያስበው ሰው የገደለ ወደ መማጸኛ ከተማ ይሸሻል፣ ደም መላሹም እዚያ ድረስ ገብቶ አይነካውም፤ ከቅጥሩ ከወጣ ግን ደሙ በራሱ ላይ ነው። ነፃ የሚወጣው ሊቀ ካህናቱ ሲሞት ነው። እኛ ሊቀ ካህናት ከየት እናምጣ? «እኔ ልሁንላችሁ» አሉ። «ከወንዙ ማዶ ይቀመጥ። እኔ ስሞት ይመለስ፣ ያኔ ማንም አይጠይቀው።» ሁለቱም ቤተሰብ እሺ አለ። ያኔ ክፉኛ ያስሉ ነበር፤ ቶሎ የሚያልቅ መስሎን ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለን።

ከዚያማ ሳሉ ለቀቃቸው። እኛ ስናረጅ እሳቸው ለመለሙ። ሾርባ ይዤ እየሄድኩ ጤናቸውን እጠይቃለሁ፤ ደህና ነኝ ሲሉኝ ተመስገን እላለሁ፣ ፊቴ ግን አያግዘኝም። አንድ ቀን ፈገግ ብለው፣ «አይዞሽ፣ እየሞከርኩ ነው» አሉኝ። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

አንተም ማዶ ቀረህ። እጮኛህ ሌላ አገባች። እማዬ ያረፈች ቀን እስከ ድልድዩ መጥተህ፣ መደገፊያውን ይዘህ ቆመህ ቆመህ ተመለስክ አሉኝ። ቀባሪው ሲበተን አንገቴን ወደዚያ አዙሬ ነበር፤ ግን ከመቃብሩ ድልድዩ አይታይም።

እንግዲህ ያለፈው እሑድ አባባን ልጠይቅ ብገባ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የጓደኛህ እናት፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ የኮታቸውን ቁልፍ ትተክላለች። አባባ ትክ ብለው አዩዋትና፣ «ትልቁ ልጅሽ እንዴት ነው? የጣሪያ ሥራው ያዋጣዋል?» አሏት። ሟቹን ነው የሚጠይቋት። እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ደህና ነው አባባ» አለቻቸው።

በረንዳው ላይ ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሳቸው ረስተውታል» አለች። «ታዲያ እኔና አንቺ ማንን ነው የምንጠብቀው?»

«ያው፣ እትዬ፣ እሳቸው እስኪ...» ብዬ አፈርኩ።

«ስሚኝ። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ምን ስንሰማ ነው የኖርነው? ሊቀ ካህናቱ ሞቷል እኮ። ለኔም፣ ለወንድምሽም። እኛ ሳንወለድ ነው መስቀል ላይ የሞተው። ይምጣ በይው።»

በያጁ ልጅሽስ ስላት፣ እሱን ለእኔ ተይው አለችኝ። በማግስቱ መሣሪያውን ተሸክሞ ከች አለ። ያንን ተንጋዶ የኖረ የግቢያችንን በር በየደ፤ ከፈት ዘጋ አድርጎ ሞከረው። ሊወጣ ሲል፣ «መምጣቱን ይምጣ፤ ጨብጠው ብቻ አትበሉኝ» አለ። ለእኔ ይበቃል።

ወዲያው ማዶ በሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር፣ «እናቱ ይምጣ ብላለች» ብዬ ላኩብህ። ሲመለስ ገና ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ። እንዲህ ብለሃል አሉ፦ «እናቱ ብትምረኝም፣ መዶሻውን የያዘው እጄ አብሮኝ ነው የሚመጣው። እዚሁ ለምጃለሁ።»

ይኼ የቄስ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም። አባባ ያን ሕግ ሲያነቡልን፣ በሩ ተከፍቶለት አልወጣም ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ አልነገሩንም፤ አሁን ብጠይቃቸው ደግሞ ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቁም። ሹፌሩ አይመጣም፣ አትድከሚ ብሎኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ አልጋህን ሳነጥፍ ልቤም ይኼንኑ ይለኛል። ደስታዬ አፌ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲወርድ ይከብደኛል። ቢሆንም አነጠፍኩት። እማዬ ደጋግማ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር መመለስህን ነበር፤ ለእሷ አልደረሰላትም።

ድግስ ደግሻለሁ። ሰፈሩን ሁሉ ጠርቻለሁ፣ አባባንም ደግፈን እናመጣቸዋለን። ይሄ ማነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ልብስ ሰፊዋ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ ብላለች። ወንበርህን ከተበየደው በር ትይዩ አድርጌዋለሁ። ባዶውን እንደሚውል እየፈራሁ ነው ያስቀመጥኩት፤ ማንም እንዲቀመጥበት ግን አልፈቅድም። ስለዚህ ለሰው ሁሉ እንዳልኩት ለአንተም እልሃለሁ፦ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት፣ አንድም ሰው እንዳይቀር።

እህትህ