ልጄን ስለዳሰሰው እጅዎ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በተለይ የእጅዎን ደኅንነት ለመጠየቅ ነበር አሳቤ፤ ግን ወግ ነውና ለመላ አካልዎ ጤናን እመኛለሁ።

ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም የማይበልጥ ሕፃን እናት ነኝ። ልጄ እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ሳለች ስለተደረገልን ሁሉ በአደባባይ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ስለ በሩ ጥብቅ ቁጥጥር። እናቴ የልጅ ልጇን ልታይ ስትመጣ "ጀርም ይዘው ይገባሉ፣ እማማ" ተብላ ከደጅ ተመለሰች። አልተቀየመችም፤ ደንብ ነው። በዚያው ቀን እርስዎ እንግዶችዎንና ፎቶ አንሺዎን አስከትለው፣ የውጭ ጫማዎን እንደተጫሙ ሲገቡ ግን ጀርም ሹመት አይቶ እንደሚመለስ ተማርኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሱ የእጅ መታጠቢያ። ሪባኑን ሲቆርጡ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቧንቧው ውኃ እንደሌለው እርስዎ በምን ያውቃሉ? አልከፈቱት! ከመቀሱ በቀጥታ ወደ ልጄ አልፈው፣ እጅዎን ከነቀለበትዎ ወደ ሣጥኑ አስገብተው ጉንጯን ዳሰሱ። "እባክዎ፣ መጀመሪያ ይታጠቡ" ብልዎት፣ "አይዞሽ፣ እናት ስለሆንሽ ነው የምትደነግጪው" ብለው ለካሜራው ፈገግ አሉ። ፎቶው ያምራል፤ መግቢያው ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጓንት ቁጠባዎ። ነርሷ ባደረገችው ጓንት ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ስታልፍ አይቼ ብጠይቃት፣ "ምን ላድርግ እህቴ፣ ጓንቱ ስቶር ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ያለው አስተዳደር ጋ ነው" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቁልፉን በሚገባ ስለጠበቁልን እግዜር ይስጥልን።

ለሚቀጥለው ግን "አራተኛ" ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ልጄ ሰውነቷ አመድ መሰለ፤ ትንፋሿ ቆም እያለ ያስደነግጠን ጀመር። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል ተባለ። ከጎኗ የተኛው ወንድ ልጅም እንዲሁ። እናቱና እኔ ኮሪደሩ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን። የእኔ ተረፈች። የእሷ አልተረፈም። የልጇን ብርድ ልብስ ብቻ ታቅፋ ስትወጣ ምን እንደምላት ጠፋኝ።

እርስዎ ግን ቃል አልጠፋዎትም። "ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ደካማ ናቸው" ብለው አስረዱን፤ ጥፋቱ የሕፃኑ መሆኑን ባይነግሩን ከየት እናውቅ ነበር? ከማን እጅ እንደመጣ አይታወቅም ማለትዎም እውነት ነው፤ የገባው እጅ ሁሉ ሳይታጠብ ነውና የገባው።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ትዕግሥታችን እንዲያጥር ከልብ በመመኘት፣

አክባሪዎ፣
የተረፈችው ልጅ እናት

ማስታወሻ፦ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እኛ እናቶች ውኃ በጀሪካን፣ ሳሙናም ከየቤታችን ይዘን በሩ ላይ በተራ ቆመናል። የሞተባትም እናት ተራዋን አስመዝግባለች፤ እርስዎን በራሷ እጅ ማስታጠብ ትፈልጋለች። እስከ ክርን ነውና እጅጌዎን ሰብስበው ይምጡ።