በእኔ ቁመት የተለካው በር

ታዴ ሆዴ፣

ከተለያየን ዛሬ ዘጠኝ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሰዉ ሁሉ ቀን መቁጠር ተዪ ይለኛል። ምን ልቁጠር ታዲያ?

አሶሳ ያለው ቤታችን አሁንም ያው የኪራዩ ቤት ነው። በአልጋው ላይ ባንተ በኩል ልብስ ደርድሬበታለሁ፤ ባዶውን ማየት አልቻልኩም። መጋዝህንና መዶሻህን ወንድምህ ቢጠይቀኝም አልሰጠሁትም። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትቼ ነበር። ምን እዋሽሃለሁ፣ ተቀይሜ ነው። በሰደድ እሳት ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ቤት እንሥራ ብለው በኩርሙክ መንገድ ወደዚያ መንደር የወሰዱህ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ከሳምንት በኋላ ሌሎቹ ድካም ብቻ ይዘው ሲመለሱ አንተ ወባ ይዘህ መጣህ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ ነገ፣ ነገ አልከኝ። በአራተኛው ቀን ነገም አለቀ።

ማኅበሩ ዘንድሮ እንደገና ሊሄድ ሲል ስሜን አስመዘገብኩ። ለጽድቅ እንዳይመስልህ። የመጨረሻ ሥራህን ለማየት ነው። ለእኛ ያላቆምከውን ቤት ለሰው አቁመሃልና፣ እጅህ የነካውን ግድግዳ ልንካ ብዬ ነው። ካንተ የቀረኝ እሱ ብቻ መሰለኝ።

ቤቱን የሠራህላቸውን ረጅሟን የበርታ አሮጊት፣ እማማ ሀዋን፣ መቼም አትረሳቸውም። ሚስቱ ነኝ ስላቸው አላህ ይርሐመው ብለው እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቤቱን አየሁት። ታዴ፣ ቤትህ ሊወድቅ ደርሷል። ነቀዝ በልቶታል። ግድግዳውን ብነካው ዱቄት ወረደ። ጣሪያውን የያዙት አንተ የተከልካቸው ሳይሆኑ እማማ ሀዋ ከውጭ ያስደገፏቸው ባላዎች ናቸው።

እሳቸው ትንፍሽ አላሉም፤ ጎረቤታቸው ነው የነገረኝ። እዚያ አገር ቀርከሃ የሚቆረጠው ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ በበጋ ነው፤ ተቆርጦም ነቀዝ እንዳይበላው ወንዝ ውስጥ ይከርማል። እናንተ ደገኞቹ ግን ቀጥ ያለውን፣ አረንጓዴውን፣ የዓመቱን ለጋ እየመረጣችሁ በዝናብ ቆርጣችሁ አቆማችሁ። እማማ ሀዋ ነግረውህ ነበር አሉ። አንተ ደግሞ ስቀህ፣ አይዞዎት እናቴ፣ ባሕር ዛፍንም እንዲሁ ነው የምናቆመው አልካቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ተናደድኩብህ። የሞትከው ዓመት እንኳ ላልቆመ ቤት ነው?

የማኅበሩ አስተባባሪ ይፍረስ ሲል እማማ ሀዋ በሩን ይዘው ቆሙ። የሟች ሥራ አይፈርስም፣ ደግፌ እኖርበታለሁ አሉ። ለካ ሞትህን ከሰሙ ጀምሮ ለማኅበሩም ያልተናገሩት ስምህ በክፉ እንዳይነሳ ብለው ነው። ወደ ውስጥ ሲያስገቡኝ እሳቸው እጥፍ ብለው ገቡ። እኔ ጎንበስ ሳልል ገባሁ። ያኔ ነው የገባኝ። በር ስትሠራ ሜትር አትይዝም ነበር፤ ከአገጭህ ሥር ታቆመኝና ቁመቴን በገዛ አካልህ ላይ ለክተህ አንድ ጣት ትጨምራለህ። ተው፣ ሰው ሁሉ እንደ እኔ አጭር አይደለም እልህ ነበር። እዚያ ሆነህም የለካኸው በእኔ ነው። መቃኑን ይዤ አለቀስኩ፤ በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ግን አሮጊቷ ላይ ቢወድቅስ? ማፍረሱን ከቤት ይዤው በሄድኩት በራስህ መዶሻ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ እሳቸውም በሩን ለቀቁ። እያንዳንዱን እንጨት ስነቅል ሁለተኛ የምቀብርህ መሰለኝ። አዲሱ የቆመው የመንደሩ ሰዎች ወንዝ ውስጥ ባከረሙት ቀርከሃ ነው። የዋንዛ መቃንህን ግን ነቀዝ አልደፈረውም። በአዲሱ ቤት ሲተከል ለእማማ ሀዋ ከፍ ይበል ብዬ ለመንኩ፤ እምቢ አሉ። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ስሙን እጠራለሁ፣ እንዳለ ይሁን አሉኝ።

እዚያ በቀን ስንት ጊዜ ስምህ ይጠራል። እኔ ግን ተመልሼ እዚሁ ነኝ፤ መግቢያና መውጫው ጠፍቶኛል። አልረሳህም፤ ብፈልግም አልችልም። የኪራይ ቤታችን በር ላይ ስቆም ከራሴ በላይ ክፍት ቦታ አለ። አገጭህ የሚያርፈው እዚያ ነበር።

አጭሯ ሚስትህ