አስተናግር ለማን ጥርስ

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለሥራ ብሎ ድሬዳዋ ለወረደው ለባለቤቴ ለካላዩ፣

የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ጥርሴን ክፉኛ አሞኛል፤ የአስተናግር ዘር በፖስታ ላኪልኝ፤ መታጠኑን እኔው አውቅበታለሁ» ብለሃል። የምታምህ አንዲት መንጋጋ ነበረች፤ እሷንም ባለፈው ፋሲካ ማግስት ይዤህ ሄጄ አስነቅያታለሁ። የቀረው ጥርስህ አጥንት ይቆረጥማል። የአሥራ አንድ ዓመት ሚስትህ አፍህን አታውቀውም? ሞኝህን ፈልግ!

ትናንት ከጊዮርጊስ ስመለስ ባለሱቁን ኑሪን ምኒልክ አደባባይ ላይ አገኘሁት። ሳልጠይቀው፣ «የሺዓለም እኮ ውቤ በረሃ ያለውን ቡና ቤቷን ዘግታ በባቡር ወረደች። ጉንጯ አብጦ በሻሽ አስራው ነበር» አለኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ባቡሩ የሚወርደው ወዳንተ ነው። ለካ አንተን የሚያምህ ጥርስ የያቺ ሴትዮ ኖሯል!

ቤት ደርሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ጓሮ ገባሁ። አስተናግሩ ዘንድሮ አምሮበታል። መድኃኒተኛው አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቆሻሻ መጣያ ነቅሎ በዘይት ቆርቆሮ ሲተክለው ጎረቤቱ ሁሉ ስቆበት ነበር። ፍየል እንኳ አሽትታ የምታልፈው ቅጠል ነዋ! አሁን እሾሃሙ ፍሬ ደርቆ ተሰንጥቋል። ጥቁሩን ዘር በወረቀት ቋጠርኩ። ለአንድ ጥርስ ከሚበቃው በላይ ቋጠርኩ፣ ካላዩ። አልዋሽህም። ሲበዛ እንደሚያስለፈልፍ፣ ሲብስም እንደሚገድል አሳምሬ አውቃለሁ። «ትለፍልፍ! ባሌን ከመቼ ጀምሮ እንደወሰደችብኝ ትናገር!» አልኩ። ቅናተኛ ትለኝ የለ? አዎ፣ ነኝ።

አባቴ ግን መድኃኒት ሊወስድ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ «የታመመው ማን ነው?» ይለው ነበር። ሴት ከሆነች ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ፀንሰሻል?» ይላታል። ፀንሻለሁ ያለችውን የአስተናግሩ ጢስ ያለበት ቤት አያስገባትም።

ይህ ትዝ ሲለኝ እጄ ቆመ። ሴት ልጅ የሞቀ ቡና ቤቷን ዘግታ ሰው አገር የምትወርደው ለምንድን ነው? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስለት ተስዬ ያጣሁትን እሷ ይዛው ይሆን? እዚያው ቆርቆሮው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዘሩን ሽንት ቤት ጨመርኩት። ሁለተኛ አትጠይቀኝ፤ የቅናተኛ እጅ መድኃኒት አይመጥንም።

በዚህ ፋንታ ቅርንፉድ ልኬአለሁ። በሚያማት ጥርስ ትንከሰው። እብጠቱ ካልጎደለ ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ በሻሽ የታሰረ ጉንጭ ብቻውን አይድንም።

አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ጻፍልኝ። እንደ ሚስት አይደለም፤ እንደ መድኃኒተኛ ልጅ ነው የምጠይቅህ። ፀንሳለች?

የአባቴ አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ። እሷንም ይጠብቃት፤ ይህን የጻፍኩት በግድ ነው።

እስከ ዛሬ ሚስትህ የሆንኩት
እፀገነት

ፀንሳ ከሆነች፣ ቅርንፉዱንም አታብዢው በላት።