አጭሩ የማርሽ ዘንግ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
ትከሻዬ ዛሬም ነደደ። ከዘነበወርቅ ቀራንዮ አራት ተማሪ ጭኜ፣ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ። ዘንጉ ከጉልበቴ እስከ ሬዲዮው ይዋዥቃል። አንዷ እናት፣ "ዛሬም አርፍደሻል፣ ሌላ ሰርቪስ እንፈልጋለን" አለችኝ። ፈልጊያ! ... ብትፈልግስ? ከዚህች መኪና ሌላ እንጀራ የለኝም። ዘንጉ ማጠር አለበት፣ ያኔ እጄ ያን ያህል አይዘረጋም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
መለዋወጫ ሻጩ ጀማል ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ትንሽ ያጠረ፣ ሌላው ግማሽ የሚሆን። "አጭሩን ጎረምሶች ናቸው የሚወዱት። መካኒክሽን አማክሪ" አለኝ።
መካኒኬን! መካኒኬ የቀድሞ ባሌ ዱባለ ነው። ከተፋታን ሦስት ዓመት፣ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። የመኪናዋን አመል ግን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ልጃችንን ሶፊን ይዤ 18 ማዞሪያ ጋራዡ ሄድኩ። እንደ ወትሮው በሷ በኩል። መካከላችን ሁለት እርምጃ።
"ሶፊ፣ አባትሽን ጠይቂው፣ የትኛው ይሻላል?"
"እናትሽን ንገሪያት፣ ዘንግ ባጠረ ቁጥር ይከብዳል። በዚያ ትከሻዋ አትችለውም።"
ስለ ትከሻዬ ማን ነገረው? ቦርሳዬን በግራ መያዜን አይቶ ነው... ዓይኑ ይጥፋ።
"ንገሪው፣ ስለ ትከሻዬ አላማከርኩትም!"
ሶፊ፣ "ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ!" ብላ ጥላን ወጣች። እሱ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። መፍቻውን አነሳ። እኔም ወጣሁ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
አጭሩን ገዛሁ። ያደሳ የሚባል ሌላ መካኒክ ገጠመልኝ። ያምራል። በባዶ መኪና ማዞሪያውን ሦስቴ ዞርኩ፣ በዱባለ ጋራዥ በር በኩል፣ ሆን ብዬ። ይየው። ድብን ይበል!

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ይከብዳል። ምናለ ሌላ ሰው በነገረኝ...
ልጆቹን ስመልስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም አለ። ቀኝ እጄ ዛለ። መሪውን ለቅቄ በሁለት እጄ ገፋሁት። የሰባት ዓመቱ መዝገቡ ከኋላ፣ "እትዬ አየለች፣ መሪው!" ብሎ ጮኸ። ከቆመ ሚኒባስ ጋር ልንላተም ስንዝር ቀርቶን ነበር። የሰው ልጅ ይዤ! ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
ሥራ አልወጣሁም። ሁለት እናቶች ደወሉ። አላነሳሁም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ጋራዡ ሄድኩ። ብቻዬን። ዱባለ ከኋላዬ ሶፊን ፈለገ። የለችም።
"መልሰው" አልኩት። የድሮውን ዘንግ ዘረጋሁለት።
መፍቻውን ይዞ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ከዘንጉ ሥር የተበላች ትንሽ ላስቲክ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።
"ርዝመቱ አልነበረም ጥፋቱ። ይቺ አልቃ ነው የሚዋዥቀው።"
አዲስ አስገባ። ነዳኋት። ማርሹ በሁለት ጣት ይገባል። በሁለት ጣት! ደሜ ፈላ።
"የዚያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?"
"ልነግርሽ ነበር እኮ። ሶፊ ወጣች።"
ሶፊ ወጣች! ልጆቹን ልፈጅ ነበር፣ እሱ መልእክተኛ ይጠብቃል። እኔስ? እኔስ ምን ስጠብቅ ነበር?
ሰኞ ሥራ እወጣለሁ። እናቶቹን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሦስቱ እሺ አሉ።
እራት ላይ ሶፊ፣ "ለአባዬ የምነግርልሽ አለ?" አለችኝ።
የለም። ከእንግዲህ ራሴ እነግረዋለሁ። የሦስት ዓመት ስድብ አለኝ፣ በሰው አይላክም።